ያልተሠራውን ኮምፒውተር የጣለው ሰው

«ፍሬው አረፈ» ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ተረጋግጧል ወይስ ወሬ ነው?» የሚል ነበር። የደወለችልኝ የፋይናንስ ክፍሏ አልማዝ ሳቋ እንዳይሰማ ስልኩን ከአፏ ራቅ ስታደርግ ታወቀኝ። ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ፍሬውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ሰውዬው በሕይወቱ ሙሉ በተረጋገጠ ነገር ደስ ብሎት አያውቅም። የተረጋገጠ ነገር ያለ ነገር ነው፤ ያለን ነገር ደግሞ ፍሬው ይንቅ ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ እሱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ። ሁለታችንም የግዥ ኮሚቴ አባላት ነበርን፤ እሱ ሰብሳቢና ባለሙያ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሦስተኛዋ ፈራሚ አልማዝ ናት። አልማዝ የምትፈርመውን አታነብም። እኔ አነባለሁ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።

በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ» ነው የምለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደፊት ያዘነበለ ሰው ነበር። ስልኩን የሚያነበው እንደ መዝገብ ነው፤ ገጹን ለመግፋት ጣቱን መጀመሪያ ምላሱ ላይ ነካ ያደርጋል። መስታወት ላይ ምራቅ ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው «ልማድ ነው» አለኝ። ሁላችንም በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ላብ ሲያጠምቀን እሱ ኮት ይለብሳል። የኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ሰማያዊ ለማሳለፍ፣ ቀይ ለመጣል፣ ጥቁር ለፊርማ። ሰማያዊው አንድም ቀን አልቆበት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ፀሐዩ መንገዱን ባዶ ያደርገዋል፣ ሰው በየቤቱ በርጫው ላይ ይቀመጣል። ፍሬው ጫት አይቅምም ነበር። እሱ የሚቅመው ወሬ ነው። ከሚከተላቸው የወሬ ቻናሎች አንዱ «በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እንዲህ እንዲህ ሊኖረው ይችላል ተባለ» ብሎ ከጻፈ፣ የዚያ ቀን የክፍሉ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ማን አለ? አይታወቅም። ከየት ሰማ? «ምንጮች» ነው መልሱ። ፍሬው «ምንጮች» የሚለውን ቃል ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ምንጮቹ ግድግዳው ጀርባ ቆመው የሚሰሙት ይመስል።

ሌላ ሰው ወሬ ሰምቶ ያወራል። ፍሬው ግን ይገመግማል። የመንግሥት የቴክኒክ መገምገሚያ ቅጽ ያወጣና ያልተሠራን ኮምፒውተር ከመቶ ያርማል። «የአቅራቢው ስም» በሚለው ቦታ ላይ «ገና ያልታወቀ» ብሎ ይሞላል። «የቀረበው ናሙና» የሚለው ላይ «በወሬ ደረጃ»። ለፕሮሰሰሩ ይህን ያህል፣ ለራሙ ይህን ያህል፣ ለዩኤስቢ ቀዳዳው ይህን ያህል፣ ለቀለሙ ሳይቀር ነጥብ አለው። ማለፊያው ሰባ ነው። ያለፈ የለም። ቅጹ ከተፈረመና ማኅተም ከተመታበት በኋላ፣ ጀርባው ላይ «የሚመጡ» ተብሎ በተጻፈበት ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። «ያሉ» የሚል ፋይል አልነበረውም።

አንድ ቀን ንብረት ክፍል እየሮጠ መጣ። ፍሬው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደረጀ፣ ጉድ ሰማህ? የሚመጣው ማቀዝቀዣ የለውም አሉ!»

«የምኑ ማቀዝቀዣ?»

«የኮምፒውተሩ ቬንትሌተር ነዋ! አውጥተው ጣሉት። ድምፅ እንዳይኖረው ብለው።»

«እና?»

«እና ትለኛለህ? ድሬዳዋን አያውቋትም እንዴ? ግንቦት ላይ እዚህ ሰው እንኳን ያለ ቬንትሌተር አይሠራም እኮ!»

ተቀመጥ ሳልለው ተቀመጠና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። አስተያየት በሚለው ዓምድ ውስጥ «ለአካባቢው አየር ንብረት ተስማሚ ሆኖ ስላልተገኘ ከውድድር ውጪ ሆኗል» ብሎ ጻፈ። የትኛው ውድድር? ተወዳዳሪው ማነው? ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ገና ወረቀት ላይ እንኳ ያልጨረሱትን ዕቃ፣ እሱ ከዚራ ተቀምጦ ጣለው። ፈርሞ ሲጨርስ ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት እስካሁን አይጠፋኝም። አሳዘነኝ እንዳልል አላሳዘነኝም። ናቅሁት።

ስለ ሙቀቱ የተናገረው ትክክል መሆኑን አልክድም። ፍሬው ሞኝ ቢሆን ይሻል ነበር። ኮምፒውተር ሲበራ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ምኑ እንደታመመ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሌሎች ያቃታቸውን ማሽን በግማሽ ሰዓት ያስነሣል። አስነሥቶ ሲያበቃ ግን ፊቱን ያጨማድድና «ይሄ ደግሞ ኮምፒውተር ነው? ይሄ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ቆይ፣ የሚመጣውን እንይ» ይላል። የጠገነውን ዕቃ እንደዚያ የሚያንቋሽሽ ባለሙያ ከእሱ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ለገና ሳቢያን ያለው ቤቱ ጠርቶኝ ሄድኩ። በዚያ ቤት ፍሪጅ የለም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ደመወዝተኛ ቤት፣ ፍሪጅ የለም! ሚስቱ ወይዘሮ አስቴር ቀዝቃዛ ውሃ ከጎረቤት አስመጥታ አጠጣችኝ።

«ፍሬው አንድ የሚመጣ አለ ይላል፣ በፀሐይ የሚሠራ» አለችኝ ብርጭቆውን እየተቀበለች።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ ስትጠብቂ?»

«ትልቁ ልጄ ከመወለዱ በፊት ነው የጀመርኩት። ልጁ አሁን ሁርሶ የውትድርና ሥልጠና ላይ ነው።»

ፍሬው ከጎኗ ተቀምጦ ሰምቷል። አላፈረም። «ያኔ ብንገዛ ኖሮ ዛሬ አሮጌ ፍሪጅ ነበር የሚኖረን» አለ። በማግሥቱ ይህን ወሬ ሻይ ክበብ ላይ ነዛሁት፤ ለሳምንት ሳቅንበት። የፍሬውን ነገር የማወራው እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሻይ ክበብ ሲገባ «ደረጀ፣ ዛሬስ ምን ጣለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ቀልድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ አልጽፈውም። ግን ሳህራ ነበረች።

ሳህራ ድራፍቲንግ ታስተምራለች፤ የቤት ፕላን በኮምፒውተር መሳል ማለት ነው። የሱማሌ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ጀርባ ተወልዳ አድጋ፣ ትምህርቷን ሌላ አገር ጨርሳ እዚያው ከተማዋ ተመለሰች። ክፍሉን ከምንም ያቋቋመችው እሷ ናት። ከነበሯት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ስድስት ናቸው። የስድስቱንም ክዳን አውልቃ፣ ከጎናቸው የጠረጴዛ ቬንትሌተር አቁማ ነው የምታስተምረው። እንዲያም ሆኖ ሙቀቱ ሲበረታ ድርግም ይላሉ፤ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ የሳለው ቤት አብሮ ይጠፋል። አራት ተማሪ በአንድ ማሽን ተራ ይጠብቃል። የብቃት ምዘና የሚያደርጉት ሰዎች መጥተው አዩና ቁርጡን ነገሯት፤ ሁለት ዓመት ይሰጥሻል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አምስት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ካልተሟሉ ሥልጠናው ይዘጋል። በጀት ተፈቀደላት። ከዚያ በኋላ የቀረው የእኛ ኮሚቴ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት የጨረታ ሰነዱን ዝርዝር መግለጫ ፍሬው ጻፈ። ሰነዱን አንብቤ ስጨርስ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የጠየቀው ፕሮሰሰር ገና አልወጣም። ስም እንኳ የለውም፤ ወሬው ላይ በቁጥር ነው የሚጠራው፣ ፍሬውም ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦታል። አየሁት፣ ሳቅሁ፣ ፈረምኩ። ለጨረታው አቅራቢዎች ሰነድ ገዙ፣ አነበቡ፣ አንድ በአንድ ተመለሱ። ዐብዲ የሚባለው ከጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ብቻ ቢሮ ድረስ መጣ።

«ወሪያ ፍሬው፣ ይሄን ዕቃ የት አየኸው?» አለው ሰነዱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

«ይመጣል።»

«ወላሂ ጅቡቲ ጠየቅኩ፣ ዱባይ ጠየቅኩ። ሰሪዎቹ ራሳቸው ገና አልሰሙም አቦ!»

«አንተ ነጋዴ ነህ፣ ያለውን ታያለህ። እኛ ወደፊት ነው የምናየው።»

ዐብዲ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። አንድም ተወዳዳሪ አልቀረበም፤ ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፣ በጀቱ ተመላሽ ሆነ። ሻይ ክበብ ውስጥ «ሰሪዎቹ ራሳቸው አልሰሙም» የሚለው የዓመቱ ቀልድ ሆነ። ሳህራም በዚያው ክበብ ውስጥ ነበረች። ስኒዋን አስቀምጣ ወጣች።

በሁለተኛው ዓመት ዳይሬክተሩ ተቆጥቶ ስለነበር መግለጫው ሰው የሚያውቀውን ዕቃ ጠየቀ። ዐብዲን ጨምሮ ሦስት ተወዳዳሪዎች መጡ። የዐብዲ ኮምፒውተር ጥሩ ነበር፤ ለሳህራ ክፍል በቅቶ የሚተርፍ። ቴክኒኩን የሚያርመው ግን ያው ፍሬው ነው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው «ለመጪው ዘመን ያለው ብቁነት» የሚል መስፈርት ጨምሮበታል። የሚመጣው ማሽን በሦስት ወር ውስጥ ይወጣል የሚል ወሬ ሰምቶ ነበር። ስለዚህ ያለውን ዕቃ ከሚመጣው ጋር እያወዳደረ ነው የሚያርመው። ከሌለ ነገር ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ዕቃ ደግሞ የለም።

ሳህራ በግምገማው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ አገኘችን። ቁጣ አልነበረባትም። ሌሊት ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ያደረች ነው የሚመስለው።

«ፍሬው፣ ልጆቼ መስመር ነው የሚስሉት። ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት። ሌላ ምንም። ለመስመር የሚሆን ካላቸው ይበቃናል አቦ።»

«ሳህራ፣ እኔ እኮ ለልጆችሽ ነው የማስበው። ዛሬ ይሄን ገዝተን፣ በሦስት ወር ውስጥ የተሻለው ቢወጣ...»

«በሦስት ወር ውስጥ እኮ ክፍሉ የለም! አልገባህም? ይዘጋል። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው።»

ፍሬው በአጠገቧ አልፎ የቢሮውን በር ከፈተ። ቢሮ ገብተን ሲቀመጥ ኮቱን አወለቀ፤ እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። የዐብዲን ቅጽ አርሞ ደመረ። ስልሳ ስምንት። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሰማያዊውን ከኪሱ አወጣ።

«ደረጀ» አለኝ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ሁለት ነጥብ ብጨምርለት ምን ይመስልሃል?»

አልማዝ ስልኳ ላይ ነበረች። እኔ ብቻ ነበርኩ የተጠየቅሁት። ጨምር ብለው እንደሚጨምር ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ሰውዬው የሚፈልገው አንድ ቃል ነበር፣ የፈለገውም ከእኔ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። «ባለሙያው አንተ ነህ። አንተ ታውቃለህ።»

ለምን እንዲያ አልኩ? ተንኮል አስቤ አይደለም፣ ሳህራን ጠልቼም አይደለም። ፍሬው የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ፈለግሁ። በዓይኔ ፊት ትልቁን ስሕተቱን ሊሠራ ነው፣ እኔ ደግሞ በማግሥቱ ላወራው ነው። ሰውን እንደዚያ ስትንቀው ከጥፋት ልታድነው አይታይህም። እስክሪብቶዎቹን ሲለዋውጥ፣ ቀዩን ሲያነሣ፣ ስልሳ ስምንትን ሲከብበት ዝም ብዬ አየሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ሦስታችንም ፈረምን።

ክፍሉ ሐምሌ ላይ ተዘጋ። ተማሪዎቹን ወደ ቧንቧና ወደ ኤሌክትሪክ በተኗቸው፤ ከሴቶቹ ግማሾቹ ቤታቸው ቀሩ። ሳህራን ሬጅስትራር ቢሮ መደቧት፤ የሌሎች ተማሪዎች ምስክር ወረቀት ላይ ማኅተም ትመታለች። መስኮቷ አጠገብ ሳልፍ ሰላም ትለኝ ነበር፣ አጠር አድርጋ። የተናደደችው በፍሬው ላይ እንደሆነ ነበር የማስበው።

ያ ሲጠበቅ የነበረው ኮምፒውተር በሦስት ሳይሆን በአምስት ወሩ ወጣ። እውነተኛ መግለጫው ሲታተም ፍሬው ቢሮውን ዘግቶ አነበበ። ልጠይቀው ገባሁ፤ መቼም አይቀርብኝም። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሃምሳ አራት።

«ይሄን ነው የጠበቅነው?» አልኩት።

ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ገጹን ገፋ። «አይ፣ ይሄማ አይደለም» አለ። «ይሄን አበላሽተውታል።»

እሱም ወደቀ! የሳህራ ክፍል የተዘጋለትን ዕቃ፣ ሲወጣ ጠብቆ ጣለው። ያን ቀን ሻይ ክበብ ስገባ ወንበር ተለቀቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሬው ቶሎ ቶሎ ይታመም ጀመር፤ ስኳር ነው አሉ። ቅጽ መሙላቱንም እየተወ መጣ። እኔም የማወራው እያለቀብኝ ሄደና ብዙም አልጠየቅሁትም። ጡረታ ሲወጣ የሽኝት ንግግር ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ ሰው በሳቅ ሞተ። እሱም ሳቀ።

ለለቅሶው ሳቢያን ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ጥግ ይዘው ነበርና ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ስለ ሟቹ ያወራል፤ እኔም ዝቅ ባለ ድምፅ የቬንትሌተሩን ነገር ጀመርኩ። «ከውድድር ውጪ ሆኗል» ስል ሁለቱ በነጠላቸው አፋቸውን ከለሉ። ሳህራ ከኋላችን ባለው አግዳሚ ላይ ነበረች። አላየኋትም ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ተነሣች፣ ተከትያት ከድንኳኑ ወጣሁ።

«ፍሬው ላይ ትስቃለህ» አለችኝ።

«ሳህራ፣ አንቺ እኮ ከሁላችን በላይ ልትስቂበት...»

«እኔ ከሱ ጋር ጨርሻለሁ። ክፍሌ በተዘጋ በዓመቱ ቤቴ መጣ። ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር።

«በዚያ ሙቀት ኮቱን ለብሶ። እናቴ ፊት ቆሞ፣ የልጅሽን ክፍል ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ነጥብ ከለከልኳት፣ አፉ በሉኝ አለ። አለቀሰ ወላሂ። እናቴ አማርኛ ብዙ አይገባትም፤ ግን አፉ አለችው። እኔም አፉ አልኩት።»

«ጥሩ አደረገ» አልኩ።

«አንተን እንደጠየቀህም ነግሮኛል።»

ከድንኳኑ ውስጥ የአስቴር ድምፅ ይሰማል። ሳህራ ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም።

«ሊከስህ ብሎ አይደለም» አለችኝ። «ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወስዶታል። ‹ደረጀ እንኳ አንተ ታውቃለህ ብሎኝ ነበር፣ ያን ያህል እያመነኝ አሳፈርኩት› አለ። አምነኸው የተናገርክ ነው የመሰለው፣ ደረጀ። እስኪሞት እንደዚያ ነው የመሰለው።»

ፍሬው ስለ እኔ የሚያውቀው ያንን ነው ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ስስቅበት ወዳጅ ነኝ ብሎ ኖረ። ገና ላይ ቤቱ የጠራኝ ለዚህ ነው፤ ወሬ ሲሰማ እየሮጠ የመጣው ወደ እኔ ነው፤ ሰማያዊውን እስክሪብቶ ይዞ የሚያደርገው በጠፋው ጊዜም የጠየቀው እኔን ነው። ያልተሠራ ኮምፒውተር ላይ እንከን የሚያገኝ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩትን እኔን አላየኝም።

«እኔ ግን አውቅሃለሁ» አለች ሳህራ። «ፍሬው የሚመጣው ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። አንተ ምንም አታምንም። ያኔ ኮሪደሩ ላይ የተናገርኩትን ሰምተሃል፣ ገብቶሃልም። ገብቶህ ነው የፈረምከው።»

«ሳህራ...»

«እዚህ አይደለም፣ የሰው ለቅሶ ነው። ቤቴን ታውቀዋለህ። እናቴ አሁንም አለች።»

ሻሿን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። እኔ ወደ ጓደኞቼ ስመለስ ቦታ ለቀቁልኝና «ከዚያስ?» አሉኝ፤ የቬንትሌተሩን ወሬ እንድጨርስ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ፍሬው ከተቀበረ አራት ወር ሆነው። የሳህራ ቤት ከቀፊራ ጀርባ ነው፣ ከከዚራ በእግር ሃያ ደቂቃ፣ በባጃጅ አምስት። አልሄድኩም።